ብሮክን

ብሮክን «ብሬክ» (ሰበረ) ከሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ የወጣ ቅጽል ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ «የተሰበረ» ማለት ነው። ነገር ግን እንግሊዝኛ በዚህ አንድ ቃል የሚጠራውን ጉዳት አማርኛ ለብዙ ግሦች ያከፋፍለዋል፦ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ገመድ ይበጠሳል፣ ሰዓት ይበላሻል፣ ውል ይፈርሳል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስልኬ «ብሮክን» ነው ቢል፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ ይሁን ወይስ ስልኩ አልበራ ብሎ ከቃሉ ብቻ አይታወቅም። ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ግን አንዱን ሳይመርጥ መጻፍ አይችልም።

«ብሮክን ኢንግሊሽ» የሚባለው ሰዋስው ሳይጠበቅ የሚነገር እንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛም «ቋንቋውን ይሰባብራል» ይባላል። የቃሉ አሮጌ ቅርጽ የሆነው «ብሮክ» ደግሞ ዛሬ ኪሱ ባዶ የሆነን ሰው ያመለክታል። ለፈረስ ሲነገር ቃሉ ከጉዳት ጭራሽ ይርቃል፤ ለኮርቻ የተገራ ፈረስ ማለት ነው። የተሰበረው አጥንቱ ሳይሆን እምቢተኝነቱ ነው። በአውስትራሊያ የምትገኘው የማዕድን ከተማ ብሮክን ሂልም በስሟ የተቆራረጠ ኮረብታ እንጂ የተጎዳ ነገር የላትም።

«የተሰበረ ልብ» በሁለቱም ቋንቋዎች የሐዘን አነጋገር ነው። በሕክምና ግን ከዚህ ያለፈ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የጃፓን ሐኪሞች «ታኮትሱቦ» ብለው የሰየሙት ሕመም ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ የልብን ጡንቻ ለጊዜው ያዳክማል። ምልክቱ ከድንገተኛ የልብ ሕመም ጋር ይመሳሰላል፤ የልብ ደም ሥሮች ግን አልተዘጉም። ስሙ የኦክቶፐስ ማጥመጃ ማሰሮ ማለት ሲሆን፣ የተነፋው የልብ ክፍል ያንን ስለሚመስል ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ።

በኮምፒውተር ሙያ

ወደ ጠፋ ገጽ የሚመራ መያያዣ «ብሮክን ሊንክ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ 404 የሚለውን መልእክት ያመጣል። በቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ቃሉ ተገልብጦ፣ ከልክ በላይ ኃይለኛ ሆኖ ውድድሩን ያበላሸ ገጸ ባሕርይ ወይም መሣሪያ ማለት ሆኗል።

አሳሳቹ አጠቃቀም በምስጢር አጻጻፍ ጥናት (ክሪፕቶግራፊ) ውስጥ ያለው ነው። ለምሳሌ ኤምዲ5 የተባለው ስሌት ከማንኛውም ፋይል 128 ቢት የሆነ «አሻራ» ያወጣል። የታሰበው ማንም ሰው አንድ ዓይነት አሻራ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ሠርቶ ማቅረብ እንዳይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናዊቷ ተመራማሪ ዋንግ ሺያውዩንና ባልደረቦቿ ይህ እንደሚቻል አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው ፍሌም የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በዚሁ ድክመት ተጠቅሞ ከማይክሮሶፍት የተላከ መስሎ ይገባ ነበር። ተከታዩ ሻ-1 እ.ኤ.አ. በ2017 ተመሳሳይ ዕጣ ደረሰው።

ስለዚህ ኤምዲ5 «ብሮክን» ነው ይባላል። ይህን «ተበላሽቷል» ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። የተበላሸ ነገር አይሠራም፤ ኤምዲ5 ግን ዛሬም እንደ ድሮው ይሠራል፣ የስህተት መልእክትም አያወጣም። ፕሮግራሙ ስለሠራ ብቻ ደህና ነው ብሎ የሚያምን ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ይበልጥ የሚቀርበው «ምሽጉ ተሰበረ» የሚለው የጦር ሜዳ አነጋገር ነው፤ ግንቡ ሳይፈርስ ጠላት አልፎታል።

መሰበሩም በአጥቂ ፊት እንጂ በአጋጣሚ ፊት አይደለም። አንድ ፋይል ሲወርድ በመስመር ችግር ተጎድቶ እንደሆነ ለማጣራት ኤምዲ5 አሁንም ይበቃል። ለይለፍ ቃል ማስቀመጫ ግን አይሆንም፦ እጅግ ፈጣን ስለሆነ አጥቂው በሴኮንድ እጅግ ብዙ ግምቶችን መሞከር ይችላል። ለዚህ ሥራ ሆን ተብለው ዘገምተኛ የተደረጉት ቢክሪፕትና አርጎን2 ይመረጣሉ።