ስለ መንዝ በግ ጠጉርና ስለሚገባው ሥራ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ይልቁንም በመንዝ፣ ብርዱ የበረታ መሆኑን በስፍራው አንዲት ሌሊት ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የምድሩ ብዙው ክፍል ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ የሚበልጥ በመሆኑ ውርጩ የገብሱን እሸት ያቃጥላል፤ በዚህም ላይ የበልጉ ዝናም የቀረ እንደ ሆነ አራሹ ከጎተራው ይልቅ ወደ በረቱ እንዲመለከት ይገደዳል። በበረቱም የሚያገኘው በግ ነው። በጉ ይሸጣል፤ ይታረዳል፤ ቆዳው ለነጋዴ ይሰጣል። ጠጉሩ ግን፣ ቀድሞ የቤተ ሰቡ ሁሉ ልብስና ምንጣፍ የነበረው፣ ዛሬ ከፊሉ ሳይፈተል በአጥር ሥር ይጣላል። ችግረኛ በሆነ አገር እንዲህ ያለ ሀብት መጣሉ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል።

የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ለብርድና ለረኃብ የጠነከረ እንስሳ ነው። ከኢትዮጵያ በጎች አብዛኞቹ ለፈትል የማይመች አጭር ጠጉር ሲኖራቸው፣ ይህ ግን በላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከሥር አጭርና ለስላሳ የሆነ ድርብ ጠጉር ለብሶ ይታያል። በዓመት ከአንዱ በግ የሚሸለተው ከ1 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ያለ ማቅለሚያ በየመልኩ ስለሚለይ፣ ሸማኔው ቀለም መግዛት ሳያስፈልገው ጥለቱን ከራሱ ከበጉ ያገኛል።

ከዚህ ጠጉር ባና ይሠራ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። በርኖስም እንደዚሁ ነው፤ በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚታየው ጥቁር ካባ በደጋው መንገደኛ ዘንድ የክብርም የዝናም መከላከያም ነበረ። ጠጉሩ ይለቀማል፤ ይጸዳል፤ ይነደፋል፤ ከዚያም በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ባናው ለአንድ ሰው ልክ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ የብዙ በጎች ጠጉርና የብዙ ሳምንት ድካም ይጨርሳል። ይህ ሁሉ ተቈጥሮ ዋጋ ቢደረግለት፣ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ ተሠርቶ በመርከብ የሚመጣው ቀላልና ባለ ቀለም ብርድ ልብስ በገበያው ላይ ይበልጠዋል። ገዢውን በዚህ መውቀስ አይቻልም፤ ለልጆቹ ሦስት ብርድ ልብስ የሚያሻው ድኻ አንድ ባና ብቻ ገዝቶ ሁለቱን ልጆች በብርድ አያሳድርም።

ጠጉሩን ለማዳን የተሞከረው ነገር ጥቂት አልነበረም። በ1950ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ በ1960 ዓ.ም. ገደማም በዚያው ከተማ የበግ ማራቢያ ጣቢያ ተከፈተ። ከውጭ አገርም ኮሪዴልና ሃምፕሻየር፣ ኋላም አዋሲ የተባሉት ዘሮች እየመጡ ከአገሩ በግ ጋር ተዳቀሉ። ዳሩ ግን ባላገሩ የኮሪዴሉንና የሃምፕሻየሩን ዲቃላ ባየ ጊዜ ቀድሞ የተመለከተው ጠጉሩን ሳይሆን ጀርባውን ነበረ። ላት የለውም! ላት የሌለውን በግ በበዓል ገበያ ማን ይገዛዋል? አዋሲው ላት ስላለው በተሻለ ፊት ተቀበሉት። ከዚህ የሚታየው፣ ሊቃውንቱ ጠጉሩን ለመኪናው እንዲስማማ ለመለወጥ ሲደክሙ፣ ላለው ጠጉር የሚስማማ ሥራ መፈለጉ ችላ ተብሎ መቅረቱ ነው።

ይህ ችግር የመንዝ ብቻ አይደለም። እንግሊዝ በመካከለኛው ዘመን በበግ ጠጉር ንግድ የበለጸገች አገር ናት፤ የላይኛው የመማክርት ቤት አፈ ጉባኤ እስከ ዛሬ የሚቀመጠው በጠጉር በተሞላ መቀመጫ ላይ ነው። ሆኖም በዚያ አገር ለአንዱ በግ መሸለቻ የሚከፈለው ዋጋ ከጠጉሩ ዋጋ በለጠ፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ገበያው በተዘጋ ጊዜም አንዳንዶቹ ገበሬዎች ጠጉሩን አቃጠሉት። ጥቂት ብልሆች ግን ሻካራውን ጠጉር ለቤት ግድግዳና ጣሪያ መሙያ፣ ለምግብና ለመድኃኒት ማሸጊያ፣ ለአትክልትም ማዳበሪያ ማዋል ያዙ። በኢትዮጵያም ቢሆን ከእነዚህ ውስጥ ለደጋው የሚስማማው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው የቤት ጣሪያ ነው። በመሐል ሜዳም ሆነ በደብረ ብርሃን ቤቱ የሚከደነው በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን ያለ ከልካይ ያስገባል፤ የቀድሞው የሣር ክዳን በዚህ በኩል እጅግ ይሻል ነበር። የታጠበና የተነደፈ ጠጉር ከኮርኒሱ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ተደርጎ ቢነጠፍ፣ በጭረቶቹ መካከል የሚታሰረው አየር የቤቱን ሙቀት ይጠብቃል። ጠጉር ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ የሚያህል እርጥበት ቢጠጣ እንኳ ሲነኩት ደረቅ ይመስላል፤ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበውን ላበት በዚህ ይችለዋል። በቀላሉ እሳት አይቀበልም፤ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አይነድም፤ ሲነድም ይከስላል እንጂ እንደ ላስቲክ ቀልጦ አይንጠባጠብም። ጠላቱ ብል ነው። ብል ግን ቦራክስ በተባለው ጨው ውሃ ነክሮ በማድረቅ ይከለከላል፤ ይህም በውጭ አገር የተለመደ ሥራ ነው።

ሂሳቡም ይህን ይመስላል። ለአንድ ሜትር ኩብ 20 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ጠጉር ይበቃል ቢባል፣ ርዝመቱ 5፣ ወርዱ 4 ሜትር ለሆነ ክፍል 40 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ይኸውም በእጥበት የሚጐድለው ሲጨመርበት ከአምሳ በግ የማያንስ የዓመት ሽልት ነው። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ደግሞ ከዚህ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ጠጉሩ የበዛው ለምንጣፍና ለጌጥ ሥራ እንጂ ለጣሪያ ገና ያንሳል ማለት ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ጓሳ የሚመጡ እንግዶች የሚገዙት ምንጣፍ ለጥቂት እጆች ሥራ ይሰጣል፤ የአንድ ወረዳን ጠጉር ግን ሊጨርስ አይችልም።

ከሆድ፣ ከእግርና ከጭራ ሥር የሚወጣው እበት የበዛበት ጠጉር ለጣሪያም ለፈትልም አይሆንም። የርሱ ስፍራ ጓሮ ነው። የጠጉር አካል ኬራቲን የተባለ ፕሮቲን በመሆኑ ከክብደቱ 10 ከመቶ ገደማ ወይም ከዚያ የበለጠ ናይትሮጅን አለበት፤ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ 46 ከመቶ አለው። ስለዚህ 100 ኪሎ ጠጉር ከ22 ኪሎ ያህል ዩሪያ ጋር ይተካከላል ማለት ሲሆን፣ የገብስ እርሻን በዚህ ማዳበር ሕልም ነው። የጠጉሩ ብልጫ ሌላ ነው። ዩሪያው በጥቂት ቀን ሲሟሟ፣ ጠጉሩ በአፈር ውስጥ በወራት እየበሰበሰ ቀስ በቀስ ይመግባል፤ ውሃም ይይዛል። ለሽንኩርትና ለጎመን መደብ፣ ለችግኝም ጉድጓድ ከዚህ የተሻለ ነገር በነጻ አይገኝም። ጠጉሩ የታጠበበት ውሃ እንኳ ከበጉ ላብ የወጣ ፖታሲየም ስላለበት፣ ብዙ ሳሙና ካልገባበት፣ ወደ ወንዝ ከሚፈስ ወደ መደቡ ቢመለስ ይሻላል።

ሌላው ምንጭ የቆዳ ፋብሪካዎች ናቸው። በሞጆና በሌሎች ከተሞች የበግ ሌጦ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ሲነከር ጠጉሩ ይላቀቃል፤ በአንዳንዱ አሠራርም ሟሙቶ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። በሞጆ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች የዚህን ፍሳሽ ክፋት ከቶ አስረጅ አያሻቸውም። መድኃኒቱ በሥጋ በኩል ብቻ ተቀብቶ ጠጉሩ ሳይሟሟ እንዲነቀል ማድረግ የቆየ ጥበብ ነው። እንዲህ የወጣው ጠጉር በሚገባ ታጥቦ ጨው ካልተለቀቀ ግን ወደ ጓሮም ሆነ ወደ ቤት ሊገባ አይገባውም፤ ከደጋው ሽልት ጋርም መቀላቀል የለበትም።

ይህ ሁሉ ሥራ የሚቃናው ጠጉሩ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ተበትኖ ሳለ አይደለም። በየቀበሌው መሰብሰቢያ ያስፈልገዋል፤ ውሃ ባለበት ማጠቢያ ያስፈልገዋል፤ የሽልቱ ጊዜም አንድ መሆን አለበት። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚዛኑ ነገር መስተካከል ይገባዋል። ጠጉር ሳይታጠብ ሲመዘን አቧራው፣ ቅባቱና እሾሁ ሁሉ እንደ ጠጉር ይቈጠራል፤ ታጥቦ ሲመዘን ክብደቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ሊጐድል ይችላል። ገዢው ለሁለቱም በኪሎ አንድ ዋጋ የከፈለ እንደ ሆነ፣ ሁለት ቀን ውሃ ስትቀዳና ስታጥብ የሰነበተችው ሴት ከነቆሻሻው ካመጣችው ጎረቤቷ ያነሰ ገንዘብ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በሚመጣውም ሽልት እርሷም ሳታጥብ ታመጣለች። ማኅበራቱ ሥራውን ከመጀመራቸው በፊት የታጠበውንና ያልታጠበውን ዋጋ ለይተው በሚዛኑ አጠገብ መለጠፍ ይኖርባቸዋል።