አምፖሉ ሲቃጠል

የመጠጥ ቤቱ አምፖል ተቃጠለ እንበል። ዳያን ስለ ጨለማ የአንድ ፈላስፋ አባባል መጥቀስ ትጀምራለች። ካርላ ሳታስጨርሳት «እፎይ፣ ፊትሽን ከማየት ተገላገልኩ» ትላታለች። ክሊፍ አምፖል የግብፃውያን ፈጠራ መሆኑን በቦታው እንደነበረ ሰው ያስረዳል። ኖርም ብርጭቆውን በዳበሳ ካገኘ ሌላው አያሳስበውም።

ወጉን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ሰዎቹ ግን «ቺርስ» የተባለው የአሜሪካ ሲትኮም ናቸው። ወንድማማቾቹ ግሌን እና ሌስ ቻርልስ ከዳይሬክተሩ ጄምስ በሮውስ ጋር የፈጠሩት ይህ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1993 በ275 ክፍሎች ታይቷል፤ ታሪኩ ግን ከአንድ የቦስተን መጠጥ ቤት እምብዛም አይወጣም። ባለቤቱ ሳም ማሎን የቀድሞ ቤዝቦል ተጫዋች ነው። መጠጥ እርም ያለ ሰው ለሌላው ሲቀዳ ያመሻል፤ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጨዋታው ተጀምሯል ማለት ነው።

ሲትኮም ጸሐፊን የሚያደክመው ቀልዱን ማሰብ ሳይሆን ማን ለማን ይናገረው የሚለው ነው። የካርላን መልስ ለኖርም ስጡት፤ ተራ ስድብ ይሆናል። ከእሷ አፍ ሲወጣ የሚያስቀው፣ ልጆቿን በአስተናጋጅነት ብቻዋን በምታሳድግ ሴት ላይ ከትሪው ይልቅ ግጥም የሚቀናት ባልደረባ ስለመጣችባት ነው። ክሊፍማ መጀመሪያ አልነበረም። ተዋናዩ ጆን ራትዘንበርገር የተፈተነው ለኖርም ነበር፤ እንደማይሳካለት ሲገባው፣ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ደንበኛ አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ፖስተኛው ክሊፍ እንዲህ ተወለደ።

ትልቁ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኮች የተባሉትን የዋህ አዛውንት ባርማን የሚጫወተው ኒኮላስ ኮላሳንቶ አረፈ። ያለ የዋህ ሰው ቤቱ አይሆንም፤ ብልጣብልጦች ብቻ ከተሰበሰቡ ነገሩን ለተመልካቹ ሲል የሚጠይቅ፣ ምላሰኛውንም የሚያበርድ ይጠፋል። ሌላ ሽማግሌ ቢያመጡ ደግሞ ተመልካቹ ሁልጊዜ ከሟቹ ጋር ያወዳድረዋል። ስለዚህ ከኢንዲያና የገበሬ ልጅ አመጡ፤ ዉዲን። ኮችን ፍለጋ የመጣው የብዕር ጓደኛቸው ስለነበር ነው። ደብዳቤ ተጻጽፈው እንዳይመስላችሁ፤ የሚለዋወጡት ብዕር ነበር! በዚህች አንድ ቀልድ ልጁም ሟቹም ከአንድ ሸክላ መሠራታቸው ታወቀ።

የዋህነቱ ያው ሆኖ ሳም ግን ተለወጠ። ኮች የቀድሞ አሠልጣኙ፣ እንደ አባትም የሚያያቸው ሰው ነበሩ፤ አጠገባቸው ሲቆም ልጅ ይሆናል። ዉዲ ጎን ሲቆም ታላቅ ወንድም መሆን ግድ አለበት። የሳምን ጠባይ አንድም ሰው አልነካም፤ የተቀየረው አጠገቡ የቆመው ሰው ነው።

ያው ብልሃት በፍሬዘርም ሠርቷል። በቦስተኑ ባር ኩራቱና ቅብጠቱ የሚያስቀው የአእምሮ ሐኪም እርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያትል ወስደው የራሱን ድራማ ሲሰጡት ግን ከእርሱ የባሰ ቀበጥ አስፈለገ፤ ታናሽ ወንድሙ ናይልስ ተጻፈ። ናይልስ ካፌ ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በመሐረብ ሲጠርግ፣ ፍሬዘር እንደማንኛችንም ሰው ይመስላል።