ኤሌክትሪክ ጎተራ የለውም

በይርጋ ጨፌ አጠገብ በምትገኘው አሪቻ እሸት ቡና የለቀመ ገበሬ ቡናውን አያሳድርም። ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ቀን መፈልፈያው ዘንድ መድረስ አለበት። ካደረ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ቡናው እስከ ማታ ይታገሣል። ኤሌክትሪክ ግን በተመረተበት ቅጽበት ሥራ ላይ መዋል አለበት። እንደ ገብስ ጎተራ አይገባም፤ እንደ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ አይቀመጥም። ባትሪ አለ፤ ነገር ግን ለአንድ አገር የሚበቃ ባትሪ እጅግ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ግድብ ውኃ ያጠራቅማል። ክረምቱ በርትቶ ግድቡ ሲሞላ ግን ትርፉ ውኃ ሳይሠራ ያልፋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጌዴኦና ጉጂ ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉትን እናስታውስ። ጉጂ ከብትና ቅቤ ይዞ ይመጣል። ጌዴኦ ቆጮና ቡና ያቀርባል። በመካከላቸው መንገድና ገበያ ባይኖር ቅቤውም ቆጮውም በየቤቱ በቀረ ነበር። የኤሌክትሪክ መንገዱ ሽቦ ነው።

ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ እንዲህ ያለ መንገድ ተዘርግቷል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከናይሮቢ በሰሜን ምዕራብ እስካለችው ሱስዋ ይደርሳል። ርዝመቱ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። ኬንያ በመጀመሪያ 200 ሜጋ ዋት ለመግዛት ተዋዋለች። አንድ ሜጋ ዋት ባለ 10 ዋት የሆኑ 100,000 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ ያበራል። ሽቦው እስከ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ይችላል።

ሻጩ ዶላር ያገኛል። ገዢውም በውድ ነዳጅ የሚሠሩትን ጣቢያዎቹን ያሳርፋል።

ሌላም ጥቅም አለ። ቡና መፈልፈያዎች ሁሉ «ሞተር ቢበላሽብንስ» ብለው ትርፍ ሞተር ቢገዙ ወጪው ይከብዳል። ሁሉም በአንድ ቀን አይበላሹም። ከተባበሩ ለሦስት ለአራት መፈልፈያ አንድ ትርፍ ሞተር ይበቃል። አገሮችም እንዲሁ ናቸው። ኢትዮጵያ ኃይሏን የምታገኘው በአብዛኛው ከወንዝ ነው። ድርቅ ሲመጣ ግድቦቿ ይጎድላሉ። ኬንያ ደግሞ ከኃይሏ ትልቁን ድርሻ የምታመርተው ከመሬት ውስጥ በሚወጣ እንፋሎት ነው፤ እንፋሎቱ ዝናብ አይጠብቅም። ሽቦው በሁለቱም አቅጣጫ ስለሚሠራ ዛሬ የሰጠ ነገ ሊቀበል ይችላል።

ሁለት ሰው ሲገበያይ በቃሉ ይግባባል። ገበያተኛው ሲበዛ ግን ደንብ ያስፈልጋል። ለዚህም በ1997 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ ነው።

«የእኛ ጎጆ ጨለማ ሆኖ ሳለ ለምን ለጎረቤት ይሸጣል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኃይል መኖሩና ኃይል ቤት መድረሱ ግን ሁለት ነገር ናቸው። ያ ትልቁ መስመር 500 ኪሎ ቮልት ተሸክሟል። ከእሱ ላይ ሽቦ ቀጥሎ ወደ ጎጆ መውሰድ አይቻልም፤ ይገድላል። ኃይሉ መጀመሪያ በጣቢያ መቀነስ አለበት። ከዚያ ምሰሶ፣ ትራንስፎርመርና ቆጣሪ ይፈልጋል። ከዚህ ዕቃ ብዙው ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው። ስለዚህ ጠያቂው ሰው ጥያቄውን ትንሽ ይለውጠው፦ ከሽያጩ ከተገኘው ዶላር ስንቱ ምሰሶና ትራንስፎርመር ሆኖ ወደ ገጠር መጣ?