በግቢ ስለሚተከሉ አበቦችና ዛፎች አጠባበቅ

በደጋና በወይና ደጋ አገር ብዙ ሰው በሐምሌ ወር ጽጌረዳና ጥድ በግቢው ያስተክላል፤ ነገር ግን ጥር ሳይወጣ ከተተከለው ብዙው ደርቆ ይገኛል። ይህም የሚሆነው መሬቱ ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ዝናሙ ካለፈ በኋላ ተክሉ ጠባቂ ስለሚያጣ ነው።

ስለዚህ ጉድጓዱ አስቀድሞ በግንቦት ይቈፈር፤ ጥልቀቱም ስፋቱም 1 ክንድ ይሁን። ከላይ የወጣው ለም አፈር ለብቻው ተቀምጦ፥ ከበሰበሰ የከብት ፍግ ጋራ ተቀላቅሎ ይመለስ። ትኩስ ፍግ ግን ሥሩን ያቃጥላልና አይጨመር። ችግኙም ክረምቱ ሲገባ ሥሩ ሳይታጠፍ ይተከል፤ ፍየልና በግ እንዳይደርስበትም በእሾህ ይታጠር።

መስከረም ካለፈ በኋላ ውሃ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት አይረባም፤ ሥሩ ወደ ታች መውረዱን ትቶ ከላይ ይቀርና ፀሐይ ይጐዳዋል። በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ፥ ወደ ማታ፥ አፈሩ በጥልቅ እስኪርስ ማጠጣት ይሻላል። በዙሪያው ደረቅ ሣር ቢነጠፍ ርጥበቱን ይጠብቃል፤ ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ። የጽጌረዳም የደረቀ ቅርንጫፍ በስለታም ቢላዋ ይቈረጥ። ባሕር ዛፍ ውሃ እጅግ ስለሚስብ ከጉድጓድ ውሃና ከአትክልቱ ርቆ ይተከል።

መትከል የ1 ቀን ሥራ ነው፤ መጠበቅ ግን እስከ ሁለተኛው ክረምት ነው። ባላገርም የሹሙን ግቢ አይቶ ይማራልና፥ የግቢው ጌታ ሥራውን ለአትክልተኛ ብቻ ሳይተው በዓይኑ ይመልከት።