ጎረቤት እሳት ቢነሳ መጀመሪያ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ?

#ዲጋ #ነቀምቴ #ጥንቃቄ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው እንበል። ግማሹ ቤተሰብ ተኝቷል፣ እናንተ ስልክ ላይ ናችሁ። ከውጭ "እሳት! ኢቢዳ!" የሚል ጩኸት ሰማችሁ። በሩን ስትከፍቱ ከሦስት ቤት ወዲያ ጣራ ላይ ነበልባል ይታያል። የእናንተ ቤት ገና ምንም አልሆነም።

መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙዎቻችን ፍራሽ መጎተትና ቴሌቪዥን መንቀል እንጀምራለን። ሌላው ስልኩን አውጥቶ ላይቭ ይገባል። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ግን ሰው የምታወጡባት ናት። በድንጋጤ ውስጥ ደግሞ ማሰብ ይከብዳል። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚያወጣና ምን እንደሚያዝ ቀድሞ መወሰን አለበት።

🔥 እሳቱ እኛ ጋ በየት በኩል ይመጣል?

"ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ አይቃጠልም" ሲባል ትሰማላችሁ። ቆርቆሮው ባይቃጠልም ከሥሩ ያለው እንጨትና ኮርኒስ ይቃጠላል። በተለይ ተያይዘው በተሠሩ የኪራይ ቤቶች ግድግዳው ብዙ ጊዜ ጣራው ድረስ አይዘልቅም። እሳትና ጭስ ከላይ ከላይ ከቤት ወደ ቤት ያልፋል፣ ከታች የተኛው ሰው ምንም ሳያይ።

ሁለተኛው መንገድ ንፋስ ነው። በበጋ ፍም ተሸክሞ የሣር ክምር፣ የበቆሎ አገዳ ወይም የማገዶ ቁልል ላይ ይጥላል። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ሽቦና የጋዝ ሲሊንደር ነው።

🔥 ከመርካቶ ምን እንማራለን?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ብዙዎቻችን በስልካችን አይተናል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሱቆቹ ተጠጋግተው መሠራታቸውና የመንገዱ መጣበብ እሳቱን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ እንዳደረገው ገልጾ ነበር። ይህ የሆነው ብዙ የእሳት አደጋ መኪና ባለበት ከተማ ነው።

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መኪናው ከነቀምቴ ቢነሳ እንኳ መንገዱ ጊዜ ይፈጃል። ሲደርስም የሰፈሩ መግቢያ በሶፋ፣ በባጃጅና ቪዲዮ በሚቀርጽ ሰው ከተዘጋ አያልፍም። ያወጣችሁትን ዕቃ መንገድ ላይ አትከምሩ። ሞተርና ባጃጅ ያላችሁ ቀድማችሁ አርቁ።

🔥 መቼ እንውጣ?

እሳቱ በራችሁ ላይ እስኪደርስ አትጠብቁ። ከሦስቱ አንዱ ከታየ ውጡ፦

👉 ግድግዳ የምትጋሩት ቤት ከተቀጣጠለ
👉 ንፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ
👉 ጭስ ቤት ውስጥ መግባት ከጀመረ

🔥 በቅደም ተከተል

1. ሰው። የተኙትን ቀስቅሱ። ሕፃናትን፣ አያቶችን፣ የታመመና ነፍሰ ጡር አስቀድሙ። "አያቴን እኔ፣ ሕፃኑን እሷ" ብላችሁ ዛሬ ተከፋፈሉ።

2. መብራትና ጋዝ። ከቆጣሪው ያለውን ሳልቫቪታ አጥፉ፣ የሲሊንደሩን ራስ ዝጉ። መብራት ሳይጠፋ ውኃ አትርጩ፣ ሽቦው ሊገድል ይችላል።

3. አንድ ቦርሳ። ልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብተር፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ። ፍራሽ ይገዛል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ወረቀት ለማስተካት ግን ስንት ቢሮ እንደሚያመላልስ ታውቃላችሁ።

4. ከብት። ጊዜ ካለ የታሰሩትን ገመዱን ፍቱ ወይ ቁረጡ፣ በሩን ክፈቱ። እየጎተታችሁ አትዘግዩ። የታሰረ ውሻም አትርሱ።

5. በርና መስኮት። ስትወጡ ዝጉ። የተዘጋ በር እሳትና ጭስ እንዳይስፋፋ ያዘገያል።

ከወጣችሁ በኋላ ለዕቃ ብላችሁ አትመለሱ። በእሳት አደጋ ብዙ ሰው የሚሞተው ከነበልባሉ ይልቅ በጭሱ ነው። ጭስ ከሞላ ጎንበስ ብላችሁ ወይ በጉልበታችሁ ሂዱ፣ ንጹሑ አየር ወደ መሬት ነው። የተዘጋ በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከጋለ አትክፈቱት፣ ሌላ መውጫ ፈልጉ።

🔥 ስልካችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል

ከቀረጻ በፊት ደውሉ። 939 የአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ቁጥር ነው። ዲጋ፣ ነቀምቴ ወይ ጊምቢ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ፖሊስና የእሳት አደጋ ስልክ አሁኑኑ ጠይቃችሁ መዝግቡ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ 905 የኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ስትደውሉ "እሳት ተነሳ" ብቻ አትበሉ። ሰፈሩን፣ የቅርቡን ትምህርት ቤት ወይ ቤተ እምነት፣ ውስጥ የቀረ ሰው ካለም ተናገሩ። ከተቻለ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ ቆሞ መኪናውን ይምራ።

የሰነዶቻችሁን ፎቶ፣ የፋይዳ ቁጥራችሁንም ጭምር፣ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ቦታ አስቀምጡ። ለግሩፕ ግን አትላኩ።

✅ የዛሬ ማታ የቤት ሥራ (10 ደቂቃ አይፈጅም)

▪️ ወረቀቶቹን በአንድ ቦርሳ አድርጋችሁ በሩ አጠገብ አስቀምጡ።
▪️ የጊቢው በር ሌሊት የሚቆለፍ ከሆነ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ሁሉም ይወቅ፣ ሕፃናቱም ጭምር።
▪️ መስኮታችሁ የብረት ፍርግርግ ካለው በሱ መውጣት አይቻልም። ሁለተኛው መውጫ የቱ እንደሆነ ተነጋገሩ። ከሌለ አከራያችሁን አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት እንዲሆን ጠይቁ።
▪️ ከወጣችሁ በኋላ የምትገናኙበት አንድ ቦታ ምረጡ። "ልጁ ውስጥ ቀርቷል" ብሎ ወደ እሳት የሚመለስ እናት ወይም አባት እንዳይኖር፣ እዚያ ቆማችሁ ተቆጣጠሩ።
▪️ ከግድግዳው ሥር ያለውን ማገዶና ሣር አርቁ።

ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ወይ አባባ ጎረቤት አሉ? ጩኸቱን ላይሰሙ ይችላሉ። በራቸውን የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ ዛሬ ወስኑ።

ይህን ለቤተሰብ ግሩፕ አጋሩት። ስልክ ለማይጠቀሙት ደግሞ አንብቡላቸው።