ለካራቫን መኪና ጉዞ የሚሆን ስንቅ

ካራቫን ሲባል ለብዙዎቻችን መጀመሪያ ትዝ የሚለን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኖርንበት የካራቫን ሰፈር ነው። ዛሬ የምናነሣው ግን ሌላ ነው፤ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ ያለው፣ ልጆቻችን በበዓል ወይም በዕረፍት ወራት ተከራይተው ወደ ኪኔሬት ዳር ወይም ወደ ጎላን የሚወስዱን መኪና። መንገዱንና ማደሪያውን ልጆቹ ያሰናዳሉ። ምግቡ ግን ብዙ ጊዜ የእናቶች ድርሻ ይሆናል፤ እነሱም እንደ ቤታቸው ወጡን በትልቅ ድስት ሠርተው ይጭናሉ። ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች 200 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ በሙቀቱ ወራት እንደ እሳት ይፋጃል። ወጡ ሲበላሽ ደግሞ ክፉኛ የሚጎዱት ሽማግሌዎችና ሕፃናት ናቸው።

የመኪናው ፍሪጅ እንደ ቤቱ አይደለም። ትንሽ ነው፤ እስኪቀዘቅዝም ሰዓታት ይፈጅበታል። በጋዝም የሚሠራው ዓይነት መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ሜዳ ቦታ ይቁም። ከመነሻው ቀን በፊት ማታውን ይከፈት፤ የሚገባበትም ምግብ አስቀድሞ በቤት ፍሪጅ የቀዘቀዘ ይሁን። ውስጡ ከ4 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ሥጋ፣ ወተትና የተሠራ ወጥ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ግን ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። «ሳሞቀው ይስተካከላል» ማለትም አያዋጣም። ውጭ ባደረ ሩዝ ውስጥ የሚፈጠረው መርዝ ቢፈላም አይጠፋም።

የእኛ ሰው ግን ያለ ፍሪጅ መንገድ መሄድ ያውቅበት ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የሽሮ ዱቄት፣ እነዚህ ሁሉ ለመንገድ የተሠሩ ያህል ናቸው። ለካራቫን መኪናም ከሱፐር ከሚገዛው ቀዝቃዛ ምግብ ይልቅ እነሱ ይሻላሉ ባይ ነኝ። በሶ የተቆላ ገብስ ዱቄት ስለሆነ እሳት አይፈልግም፤ በውሃና በትንሽ ጨው ይበጠበጣል። በቅቤ የታሸ እንደሆነ ግን ከቋንጣው ጋር አንድ ማዕድ ላይ አይቀርብም። እንጀራ በፕላስቲክ ታፍኖ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይሻግታል፤ ስለዚህ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ብቻ ይያዙ። ከዚያ በኋላ ድርቆሽ አለ።

ትልቁ ዘዴ ቁሌቱን ቤት መጨረስ ነው። ሽንኩርቱን ከበርበሬውና ከዘይቱ ጋር በደንብ አቁላልተው፣ ሲቀዘቅዝ ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን በትንንሽ ከረጢት እየከፈሉ ያስደርቁት፤ በረዶ ይሁን። በመኪናው ውስጥ አንዱን ከረጢት ድስት ላይ ገልብጦ ውሃና ሽሮ መጨመር ነው፤ ሽሮው በአጭር ጊዜ ይደርሳል። ምስር ክክ ቢጨመርበት ምስር ወጥ፣ ድርቆሽ ቢገባበት ፍርፍር ይሆናል። ጋዙም ውሃውም ይቆጠባል፤ ልጆቹም በጠባቡ መኪና ውስጥ በሽንኩርት ሽታ አያለቅሱም።

ለምሳሌ ረቡዕ ወጥቶ ዓርብ ለሚመለስ ቤተሰብ፣ በረዶ ሆኖ የተጫነው ዶሮ ወጥ ረቡዕ ማታ ይበላል፤ እስከዚያ ድረስ ፍሪጁን በማቀዝቀዝ ያግዛል። ሐሙስ ቀን ቱና በዳቦና በሰላጣ፣ ማታ ሽሮ። ዓርብ ጠዋት የድርቆሽ ፍርፍር ወይም በሶ። ሰንበትን እዚያው የሚያሳልፍ ደግሞ እሳት የማይፈልገውን ያስብ፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ የተቀቀለ ዕንቁላልና አዚፋ። የሚጠጣ ውሃ በጠርሙስ ይጫን፤ በመኪናው ታንከር ያለው ለዕቃ ማጠቢያ ይሁን።

ስኳር ያለባችሁ፣ በሶም ቆሎም እንጀራም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ አትርሱ። ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ የጉዞው ግርግር የምግብ ሰዓታችሁን አያሳልፍባችሁ። ኢንሱሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ፍሪጅ ውስጥም በረዶ የሚሠራበት ቦታ አጠገብ አይሁን፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን መጣል አለበት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ። መኪናው ውስጥ ከሰል አይለኮስ፤ ለቡናም ቢሆን፣ መስኮቱ ተከፍቶም ቢሆን። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ይጀምራል፣ ከዚያ ሰው እንደተኛ ይቀራል። በጋዝ ምድጃውም ሌሊት መኪናውን ማሞቅ አይገባም፤ ለማብሰል ሲለኮስም መስኮት ይከፈት። ቡናው እሳት በተፈቀደበት ቦታ፣ ከመኪናው ራቅ ብሎ፣ ደጅ ይፈላ። ሲያበቃ ፍሙን አሸዋ ውስጥ መቅበር አይበቃም፤ ከላይ ሳይታይ ለሰዓታት ስለሚቆይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ውሃ እያፈሰሱበት፣ በእንጨት እያገላበጡ፣ ጭስና እንፋሎት መውጣቱ እስኪያቆም ድረስ ያጥፉት።