ሐ፣ ኸ እና ዐ በስልካችን



እኛ የጠዳ ግቢ ተማሪዎች የደርስ ማስታወሻ በስልክ ስንለዋወጥ ዐረብኛውን በግእዝ ፊደል እንጽፋለን። በአማርኛ «አ» እና «ዐ» ድምፃቸው አንድ ሆኗል፤ በዐረብኛ ግን ይለያያል። «ዐሊም» ሁሉን ዐዋቂ፣ የአላህ ስም ነው፤ «አሊም» ግን አሳማሚ ማለት ነው።

ስለዚህ ለሀምዛ «አ»፣ ለዐይን «ዐ»፣ ለሃእ «ሀ»፣ ለሓእ «ሐ»፣ ለኻእ «ኸ» እንጠቀም። ፊደሎቹ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አሉ። በቁልፍ ሰሌዳው ፊት ለፊት ካልታዩን ሌላውን ገጽ እንክፈት፣ ወይም ተቀራራቢውን ፊደል ተጭነን እንያዝ።

ከመላካችን በፊት አንዴ እናንብበው። ትክክለኛውን አነባበብ ግን ከኡስታዝ እንቅራ፤ ጽሑፉ ማስታወሻ ብቻ ነው።